የሸክላዋ ሴትዮ

ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የመጽሐፍ መደርደሪያውን የታችኛ እርከን ስትነካ፣ ዳኛው አሮጌውን ሸክላ ከማኅደሩ ያወጡታል። ጠርዙን ብቻ በሁለት መዳፋቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ያዘነብሉታል፤ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው ማጫወቻው ላይ ያሳርፉታል። መርፌዋን ከማስቀመጣቸው በፊት ግን አንገታቸውን ወደ ማድ ቤቱ በር መለስ ያደርጋሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳለች የሸክላው የመጀመሪያ መንኳኳት እንደ ተሰማ ከዚያ በር የሚወጣ አንድ ቃል ነበር።

«አንተ፣ ያቺን ሴትዮ ከቤቴ አስወጣልኝ።»

«ደግሞ ምን አደረገችሽ?»

«እሷ ምን ታደርገኛለች፤ አስገቢው አንተ ነህ።»

ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ የሚሰማው የቧንቧ ጠብታ ብቻ ነው። ዳኛው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከዚያም መርፌዋን ያሳርፏታል።

ያቺ ሴትዮ የምትባለው ሌላ ማንም አልነበረችም፤ ራሷ ባለቤታቸው ነበረች። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳኛው በሥራቸው ዳኛ ሆነው አያውቁም። በወጣትነታቸው ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ባልንጀሮቻቸው ጠጉራቸውን አጎፍረው መድረክ ላይ ሲዘሉ፣ እሳቸው እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብለው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ይቆማሉ። ከበሮ መቺው ይህን አይቶ «እኛ እንከራከራለን፣ እሱ ቆሞ ይፈርድብናል» አለና ስሙን አወጣላቸው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ከበሮ መቺው ራሱ «ሞተሩ» ይባል ነበር። ሊድ ጊታር የሚጫወተው ከቅጥነቱ የተነሣ «ጭራሮ» ነበር። አራተኛዋ ድምፃዊቷ ናት፤ በኋላ የዳኛው ባለቤት የሆነችው።

እነዚህ አራት ወጣቶች ሳይኬዴሊክ ሮክ የሚባለውን፣ ጊታሩ በማሚቶ ተጠቅልሎ እንደ ጢስ የሚዞርበትን ሙዚቃ ሲጫወቱ ቆይተው፣ አንድ አልበም ቀዱ። ስሙን «ሩጫ» አሉት። በሽፋኑም ላይ ጭራሮ እግር አውጥታ የምትሮጥ ፀሐይ ሣለበት። የቀዱት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጎረቤቱም ሩቅ ነበርና። የቴፕ መቅጃውን ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተዋሱ፤ ኤሌክትሪኩን ከጀነሬተር አገኙ። ቀድተው ሲጨርሱ እዚያው መልሰው አዳመጡት፤ ግሩም ነበር። ቴፑን በሌላ ከተማ ወደሚገኝ የሸክላ ፋብሪካ ላኩትና በተስፋ ተቀመጡ።

ሸክላው የመጣ ዕለት በዳኛው ወላጆች ሳሎን ተሰበሰቡ። መርፌዋ ዞረች፤ ከማጫወቻውም አንዲት ድምፀ ወፍራም፣ እንቅልፍ የተጫናት፣ ቃሏን እንደ ከባድ ሻንጣ የምትጎትት ሴት መዝፈን ጀመረች። ሁሉም ተያዩ። በመጨረሻ ድምፃዊቷ ልጅ፣ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብላ ጠየቀች። ሞተሩ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሣቀ። እሷ ግን አልሣቀችም።

ፋብሪካው አበላሸብን አሉ። ሌላ ምን ይበሉ፤ እነሱ ልክ አድርገው እንደ ቀዱት በጆሯቸው ሰምተዋል። አልበሙ አልተሸጠም፤ አብዛኛውን እርጥበት በላው። ቡድኑ ተበተነ። ዳኛው ማተሚያ ቤት ገብተው አራሚ ሆኑ፤ እስከ ጡረታቸው ድረስም የሌሎችን ጽሑፍ በቀይ ቀለም ሲያቀኑ ኖሩ። ልጅቷም ሚስታቸው ሆነች፤ ግን ማይክሮፎን ፊት ዳግመኛ አልቆመችም። ማድ ቤት ውስጥ ትዘፍናለች፤ ልብስ ስታጥብ ትዘፍናለች፤ መቅጃ ያየች እንደሆነ ግን አፏን ትገጥማለች። ከእሷ የቀረ አንድ የስልክ ቪዲዮ ብቻ አለ፤ የእህታቸው ልጅ የቀረጸችው ነው። በእሱም ላይ እጇን እያወናጨፈች ስታስል ትታያለች፤ ሌላ የለም።

እንግዲህ እሷ ካረፈች ወዲህ ዳኛውን የሚያስጨንቃቸው ይህ ነበር። ቃሏ አልጠፋባቸውም። የተናገረችውን፣ የቀለደችውን፣ የተቆጣችውን አንድ በአንድ ያስታውሱታል። የሸሻቸው ድምፅዋ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በልባቸው ይመጣል፤ ነገር ግን እንደ ታተመ ጽሑፍ ድምፅ የለውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ውስጥ ቢያዘነብሉም፣ የሚሰሙት የገዛ ራሳቸውን ነው። በቤቱ ውስጥ ያለችው የሸክላዋ ሴትዮ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እሷ አይደለችም።

በዚህ ላይ እንዳሉ ነው አሳታሚው የመጣው።

አሳታሚው የተረሱ ሸክላዎችን እያሳደደ ዳግም የሚያሳትም፣ ደረጃውን ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ወሬው የማያልቅ ግዙፍ ሰው ነበር። ገና ሳይቀመጥ፣ አንድ የ«ሩጫ» ቅጂ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ስንቱ ሰው እሱን ፍለጋ የሟች ቤት ዕቃ ሲያገላብጥ እንደሚውል መተረክ ጀመረ። ሞተሩም ጭራሮም ስላለፉ፣ ፈቃድ የሚሰጡት ዳኛው ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ግን እንዴት አሰባችሁት?» አለ፤ ወንበሩን ወደ እሳቸው እየሳበ። «ስሙን ‹ሩጫ› ብላችሁ እንዲህ ዝግ ማለት፣ እንዲህ እንደ ሕልም መጎተት። ሰው እኮ ይህንን ሲተነትን ነው የሚውለው።»

«አላሰብነውም» አሉ ዳኛው።

«ትሕትናዎ ነው።»

«ትሕትና አይደለም። እየሮጥን ነበር።»

አሳታሚው ሣቀ፤ ዳኛው አልሣቁም። ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡና ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ክዳኑን ሲከፍቱት ፋብሪካው የመለሰው የቴፕ ጥቅል፣ በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ፣ ባለቤታቸው እንዳስቀመጠችው ነበር። አሳታሚው ከወንበሩ ተነሥቶ በቆርቆሮው ላይ አጎነበሰ።

«ጠፍቷል ነው እኮ የሚባለው» አለ።

«የጠየቀን አልነበረም።»

«አዳምጠውት ያውቃሉ?»

«በምን?» አሉ ዳኛው። የዚህ ዓይነቱ ቴፕ ማጫወቻ ከዓለም ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ከዚያ ቀጠሉና፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት። ሸክላው የፋብሪካ ስሕተት ነው። ትክክለኛው እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ሲከፈት እኔ እኖራለሁ፤ ያለዚያ አልሰጥም» አሉ።

ይህን ሲሉ እጃቸው በቆርቆሮው ላይ ነበር። በዚያ ጥቅል ውስጥ ፋብሪካ ያልነካት ልጅ አለች ብለው አምነዋል፤ ጥያቄያቸው ሁሉ እሷን አንድ ጊዜ መስማት ነበር።

የቴፑ መክፈቻ ዕለት ሱፍ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ክራቫትም አሰሩ። ስቱዲዮው በአንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ፣ አየሩ የሞቀ ዕቃ የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። የድምፅ ባለሙያዋ እርሳስ ጠጉሯ ውስጥ የሰካች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ ሴት ናት። ጥቅሉን እንደ አራስ ልጅ ይዛ በጥንቱ ማጫወቻ ላይ ሰካችው፤ ዳኛውንም ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ዝግጁ ነዎት አባባ?»

«ቆይቻለሁ» አሉ።

የቴፑ ክር መዞር ጀመረ። ትንሽ ፉጨት፣ ቀጥሎ የሞተሩ ከበሮ፣ የጭራሮ ጊታር። ከዚያም ድምፅ ገባ፤ ወፍራም፣ የተጎተተ፣ እንቅልፍ የተጫነው። ያችው ሴትዮ።

«ይኸው» አለ አሳታሚው በደስታ፣ «ልክ እንደ ሸክላው። እንዲያውም የጠራ ነው።»

ዳኛው ጀርባቸው ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ሳይነካካ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ እንደዚያው ቀጥ እንዳሉ ውስጣቸው ተናደ። እንግዲህ ሌላ ቦታ የለም። ከዚህ በላይ የሚፈለግበት ሣጥን፣ የሚከፈት ቆርቆሮ አልቀረም።

ሁለተኛው ዘፈን ሲደርስ ባለሙያዋ ማጫወቻውን አቆመችና ወደ ኋላ መለሰችው፤ ደግማ ሰማችው። እርሳሷን ከጠጉሯ አወጣች።

«ሃርሞኒካ የሚነፋው ማነው?»

«ሞተሩ። ከበሮውን ትቶ እሱን ይነፋ ነበር።»

«ይህ ሃርሞኒካ በየትኛውም ቅኝት ላይ አልቀመጥ አለኝ። ጊታር ክሩ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ሃርሞኒካ ግን ፋብሪካ እንዳወጣው ነው የሚኖረው። ይህኛው የተሠራበት ቅኝት የለም።» ለአፍታ አሰበች። «ኤሌክትሪክ ከየት ነበር የምታገኙት?»

ዳኛውም ነገሯት። ጀነሬተሩ ከመጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነበር። ሞተሩ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ሮጦ ይሄድና የነዳጅ መስጫውን ከፍ ያደርገዋል። መብራቱ ሲደምቅ ጊታሩም ይደምቃል ብሎ ያምን ነበር፤ እነሱም አመኑት። ስሙም የወጣለት በዚህ ነው። አምፖሎቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ይበራሉ፤ የአንዱ ቀለም ሲቀየር ጭራሮ «አሁን ነው መጫወት» ይል ነበር።

ባለሙያዋ ፈገግ አለች፤ ያን ዕለት መጀመሪያዋ ነበር። «የዚያን ጊዜ መቅጃ የሚዞረው በኤሌክትሪኩ ፍጥነት ነው፣ አባባ። ጀነሬተሩ ሲቸኩል የቴፑም ክር ቸኩሏል። እዚያው መልሳችሁ ስትሰሙት ክሩ በዚያው ችኮላ ስለሚዞር ልክ መሰላችሁ። ፋብሪካው ግን በትክክለኛው ኤሌክትሪክ ሲያጫውተው ሁሉም ነገር ዝግ አለ፤ ድምፁም ወረደ።»

ዳኛው ያን ምስኪን ፋብሪካ አስታወሱ፤ ስንት የእራት ገበታ ላይ ረግመውታል።

«ሞተሩ ይህን ሳይሰማ መሞቱ መልካም ነው» አሉ። «ጭራሮ በቁሙ ይቀብረው ነበር።»

«ምን ያህል እንደ ቸኮለ ባውቅ እመልሰዋለሁ» አለች ባለሙያዋ። «ሃርሞኒካው ቢኖር ኖሮ በእሱ አስተካክለው ነበር።»

«አለ» አሉ ዳኛው።

ሃርሞኒካው ከእሳቸው ዘንድ ነበር። ሞተሩ ለሠርጋቸው ሌላ የሚሰጠው ስላልነበረው በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጥቷቸዋል፤ ባለቤታቸውም ከመርፌና ክር ጋር በልብስ ስፌት መሳቢያዋ ውስጥ አኑራዋለች። በማግሥቱ ሽማግሌው በደረት ኪሳቸው ይዘውት መጡ። ባለሙያዋ ማይክሮፎን አቀረበችላቸው።

«ይህቺን አንዷን ቀዳዳ ብቻ ይንፏት፤ ሳያቋርጡ።»

ትንፋሻቸው ቢያጥርም ነፉ። ከቴፑም የሞተሩ ያችው ድምፅ ወጣች፤ ዝቅ ብላ፣ ከእሳቸው ጋር ሳትገናኝ። ባለሙያዋ መቆጣጠሪያውን በቀስታ አዞረችው። የቴፑ ድምፅ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ከእሳቸው ትንፋሽ ጋር ሲገጣጠም፣ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። የሞተው ባልንጀራቸው በአንድ ትንፋሽ አጠገባቸው ቆሞ የሚነፋ መሰላቸው። ሃርሞኒካውን ከአፋቸው አንሥተው ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት።

«አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከበሮው ፈጠነ፤ ጊታሩ ሾለ፤ «ሩጫ» በእርግጥ ሩጫ ሆነ። ድምፅም ገባ። የልጅ ድምፅ ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የሚቸኩል፤ የስንኙን መጨረሻ እየዋጠ ወደሚቀጥለው የሚዘል፤ በአንድ ቦታም ላይ ሣቅ ሊያመልጠው ሲል የሚታፈን። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ያ የለመዱት ነገር ደረታቸውን እስኪመታው ጠበቁ።

አልመታቸውም።

እሷ መሆኗን ያውቃሉ። ስንኝ መዋጧን ማን ይረሳዋል፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም። ነገር ግን ይህቺ በመጋዘን ውስጥ ቆማ፣ በነጭ አምፖል ሥር የምትስቅ ልጅ ለእሳቸው እንደ ሩቅ ዘመድ ነበረች። አብረዋት ያረጁት ሌላዋን ነው። ማታ ማታ መጽሐፍ ታነብላቸው የነበረች፣ በሐኪም ቤት ኮሪደር «አይዞህ» ያለቻቸው፣ በመጨረሻው ዘመኗ መድኃኒቱ ድምፅዋን አወፍሮት፣ ቃሏን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደምታመጣ ቀስ እያለች የምትናገረዋን። ያንን ድምፅ ሌላ ቦታም ሰምተውት ነበር። ወዲያውኑ የት እንደሆነ ዐወቁ፤ በገዛ ቤታቸው፣ ከአሮጌው ሸክላ ነበር፤ ዐውቀውም በወንበሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸውን ደገፉ።

ዘፈኑ አለቀ። አሳታሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ እንደ ታሪክ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ለኅትመቱ ግን የድሮውን ነው የምናወጣው። ሰው የሚያውቀው፣ የሚወደው ያንን ነው። ይህ ሲሰማ…» ቃል ፈለገ፤ «ይህ ሲሰማ እንደ ማንኛውም ደኅና ባንድ ነው።»

«ነበርን» አሉ ዳኛው።

«አይቀየሙኝ። ያ ስሕተት እኮ ነው ውበቱ።»

«ለእርስዎ ነው። የሥራ ዘመኔን ሁሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬአለሁ። የእሷን ሳላርም ፈርሜ ባልፍ፣ እዚያ ስደርስ በሩን የምትከፍትልኝ ይመስልዎታል?»

«ገዢው ያኮርፋል፣ ጋሼ።»

«ያኩርፍ። እሷ ‹ያቺን ሴትዮ ከቤቴ አስወጣልኝ› እያለች ነው የሞተችው። ከቤት ማስወጣት አቅቶኛል፤ ከአደባባይ ግን አስወጣታለሁ። ሰው እሷን የሚሰማ ከሆነ በራሷ ድምፅ ይስማ። በዚህ ከሆነ ፈርሜአለሁ፤ በሌላ ከሆነ ቆርቆሮዬን ይመልሱልኝ።»

አሳታሚው ወደ ባለሙያዋ ዞሮ ተመለከተ። እርሷ እርሳሷን ጠጉሯ ውስጥ መልሳ እየሰካች፣ «ከኔ ምንም አትጠብቅ» አለችው፤ «እኔ ሃርሞኒካው ካለበት ወገን ነኝ።»

ዳኛው ፈረሙ፤ ፊርማቸው እንደ ቁመናቸው ቀጥ ያለ ነው። በመንገድ ላይ ግን፣ አውቶቡሱን ትተው በእግራቸው ሲሄዱ፣ ለምን እንዳልተደሰቱ ራሳቸውን ጠየቁ። ያሰቡት ተፈጽሞላቸዋል። የሱቅ መስታወቶች ላይ አንድ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ከጎናቸው ይሄድ ነበር።

ከወራት በኋላ አዲሱ ሸክላ በፖስታ መጣ። እግር ያላት ፀሐይ እንደገና ደምቃ ታትማለች፤ ስማቸውም፣ የእሷም፣ የሞተሩና የጭራሮም ሳይሳሳት ሰፍሯል። አራሚው እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። እንከን አላገኙም። አጫወቱትም። በመሃል ስልክ ጮኸ፤ የእህታቸው ልጅ ነበረች።

«አጎቴ፣ በልተዋል?»

«በልቻለሁ» አሉ፤ አልበሉም ነበር።

«የማን ልጅ ናት እዚያ የምትዘፍነው? ደስ ስትል።»

«እትዬ ናት።»

«እትዬ? የእትዬ ድምፅ ወፍራም አልነበር እንዴ?»

«በኋላ ነው የወፈረው» አሉ ዳኛው። «አንቺ የደረስሽው በኋላ ነው።»

አሳታሚውም ደውሎ ነበር። የድሮውን የሚወዱት እንዳኮረፉ፣ አንዳንዶቹም ሸክላው ተበላሽቶ እንደ ታተመ አምነው ስሕተቱ የፋብሪካ ነው እንደሚሉ ነገራቸው። ዳኛው ይህን ሲሰሙ ሣቁ። ስልኩን ዘግተው ሣቃቸውን ለመካፈል ዞር አሉ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር።

አዲሱን ሸክላ ወደ ማኅደሩ መልሰው በመደርደሪያው ላይ፣ ፎቶግራፏ አጠገብ አቆሙት። ለሌላው ሰው ሁሉ እሷ ያቺ ናት፤ እንድትሆንም ፈርመዋል። ፀሐይዋ ወደ ታችኛው እርከን ወርዳለች። ከዚያ አሮጌውን፣ ጠርዙ የተላጠውን፣ እርጥበት ያጎበጠውን ሸክላ አወጡ። በለስላሳ ጨርቅ ጠረጉት። መርፌዋን ይዘው ወደ ማድ ቤቱ በር ዞሩ፤ ከወትሮው አብልጠውም ጠበቁ። ቧንቧው ጠብ አለ።

መርፌዋን አሳረፏት። ከፉጨቱ ሥር ከበሮው ተጎተተ፣ ጊታሩ እንደ ጢስ ዞረ፤ ከዚያም ያቺ ድምፅ፣ ወፍራሟ፣ ዝግ ያለችው፣ ቃሏን አንድ በአንድ ከሩቅ እያመጣች ገባች። ዳኛው ጀርባቸውን ደግፈው ተቀመጡ። አስወጣልኝ የሚል ሰው በቤቱ አልነበረምና፣ ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ዘፈነች።